የቅኔ ዘረፋና የድርሰት ዘረፋ

በቅኔ ቤት «ዘረፈ» ማለት ምስጋና ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ደርሶ፥ ያልተጻፈውንና ያልተሰማውን ከልቡ እያፈለቀ በጉባኤ መካከል ሲናገር «እገሌ ቅኔ ይዘርፋል» ይባልለታል፤ መምህሩም ደስ ይለዋል። በገበያ ግን «ዘረፈ» ማለት ነውር ነው፤ ሌላው ደክሞ ያከማቸውን በጉልበት ወይም በተንኰል መውሰድ ነውና። አንዱ ቃል በሁለት መንገድ የሄደው በከንቱ አይደለም። የቅኔው ዘራፊ የሚዘርፈው በማንም ጎተራ ያልገባውን ምሥጢር ነው፤ የገበያው ዘራፊ የሚዘርፈው ግን ባለቤት ያለውን ነው። በመጻሕፍት፥ በዜማና በፊልም ዛሬ የሚታየው ችግር ሁሉ የሚነሣው በእነዚህ በሁለቱ ዘረፋዎች መካከል ያለው ድንበር ስለ ጠፋ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ድንበር በሕግ ለማቆም መድከም ከጀመረ ቆይቷል። የድካሙ ዋና ሰነድ በሐምሌ 1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሕግን ዳኛ በችሎት ይመዝነዋል፤ ዳሩ ግን ሕግም በቃል የተደረሰ ነገር ስለ ሆነ፥ እንደ ማናቸውም ድርሰት በቃሉና በምሥጢሩ ሊመረመር ይገባዋል። ይልቁንም ስለ ድርሰት የተደረሰ ሕግ ከዚህ ምርመራ ሊያመልጥ አይችልም።

አስቀድሞ የጥንቱን ማየት ያስፈልጋል። በብራና ዘመን መጽሐፍ መገልበጥ ትሩፋት ነበረ። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ቆዳውን ፍቆ ብራና ማድረግ፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ብርዕ መቅረጽ፥ ብዙ ጊዜም ጐንበስ ብሎ መድከም ግድ ነበረ። ስለዚህ የገለበጠ ሰው ከባለ መጽሐፉ የሚቀንሰው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም መጽሐፉ ከእሳትና ከምስጥ እንዲተርፍ ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጠው ነበር። በብዙ መጻሕፍት መጨረሻ የሚገኘው ግዝትም የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዛል፤ የገለበጠውን አያወግዝም። ደራስያንም ብዙዎቹ ስለ ትሕትና ስማቸውን ሠውረው አልፈዋል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው «የአባቶች ልማድ መገልበጥን አይከለክልም» እያለ የዛሬውን ዘረፋ በጥንቱ ትሩፋት ሊሸፍን ይሞክራል።

ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ያው ልማድ የሰውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርበውን ተማሪ ያሳፍረዋል። ባልንጀሮቹ ያውቁበታል፤ መምህሩም «ይህ የአንተ አይደለም» ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ በጉባኤ ቀና ብሎ ለመናገር ይቸግረዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት በቅኔ ቤት ተረት ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። የአንድ ሊቅ ቅኔ ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍም ከስሙ ጋራ ይተላለፋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ባሳተሙ ጊዜ ይህንኑ ልማድ ወደ ማተሚያ ቤት አገቡት።

ስለዚህ የጥንቱ ሥርዓት ሁለት ዘበኞች ነበሩት። አንደኛው የመገልበጥ ድካም ነው፤ ሁለተኛው ዕፍረት ነው። ድካሙ ዘረፋን ትርፍ ያሳጣዋል፤ ዕፍረቱ ክብር ያሳጣዋል። የማተሚያ መኪና በመጣ ጊዜ የፊተኛው ዘበኛ ደከመ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የተለቀመ ፊደል ሺህ ቅጂ ያወጣል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በንግሥት አን ዘመን፥ በ1710 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የአዲስ መጽሐፍ ደራሲ ለ14 ዓመት፥ ከዚያም በሕይወት ቢኖር ለሌላ 14 ዓመት ባለመብት እንዲሆን አደረገ። በ1886 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብዙ መንግሥታት በበርን ከተማ ተስማምተው አንዱ የሌላውን ደራሲ እንደ ራሱ ሊጠብቅ ቃል ተጋቡ። በኢትዮጵያ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ የአማርኛ መጻሕፍት ሲበዙ፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደነገገ። የአእምሮአዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ተመሠረተ፤ በማግሥቱ ዓመትም አሁን የሚመረመረው አዋጅ ወጣ።

የአዋጁን መልካምነት አስቀድሞ መናገር ፍትሐዊ ነው። ደራሲው መብቱን ለማግኘት ወደ ማንም ቢሮ ሄዶ ደጅ እንዲጠና አያስገድደውም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፥ በተደረሰበት ሰዓት ጥበቃ ያገኛል። የሥራው ጥራትም አይጠየቅም፤ ይህም ብልህነት ነው፤ ዳኛ የድርሰት ፈራጅ ቢሆን ኖሮ ብዙ ደራሲ ዳቦውን ባጣ ነበር። ከገንዘቡ መብት ሌላ የሞራል መብት የሚለውንም ለይቶ አስቀምጧል፤ ይኸውም ደራሲው በስሙ እንዲጠራ፥ ሥራው ተጣምሞ ወይም ተቈራርጦ ክብሩን እንዳያጎድፍ ነው። የገንዘቡ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለ ለእርሱ፥ ካረፈም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይጸናል።

ይህ የ50 ዓመት ነገር ለአንባቢ ሩቅ እንዳይመስለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በኅዳር 1996 ዓ.ም. አረፉ። አዋጁ የወጣው ካረፉ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ደራሲው ራሳቸው አላዩትም፤ ነገር ግን በስሌቱ መሠረት የመጽሐፋቸው ፍሬ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የወራሾቻቸው ነው። እንግዲህ ያን መጽሐፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ለሺህ ሰው የሚበትነው «የሞተ ሰው መጽሐፍ ነው» ቢል፥ በሕግ ፊት መልስ አይሆነውም።

የአዋጁ ነቀፋ የሚጀምረው ከስሙ ነው። የሚጠብቀውን ነገር «ቅጂ» ብሎ ጠራው። ቅጂ ሰም ነው፤ ሥራው ወርቅ ነው። ሰም ወርቁን ሳይይዝ ብቻውን ዋጋ እንደሌለው፥ ወረቀቱም ካሴቱም ሲዲውም ሥራውን ሳይሸከም ዋጋ የለውም። በ1996 ዓ.ም. ሰሙ ገና በእጅ የሚጨበጥ ነበረ፤ ሕገ ወጡን ካሴት ወይም ሲዲ ከሱቅ መሰብሰብ፥ በጉምሩክ ማገድ፥ ማቃጠልም ይቻል ነበር። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ድምፁ እየደከመ ስለሚሄድ፥ ገዢው ራሱ ዋናውን ይፈልግ ነበር። አሁን ግን ሰሙ ቀልጦ አልቋል። በስልክ የሚተላለፈው መዝሙር ወይም በፒዲኤፍ የተበተነው መጽሐፍ ከዋናው በምንም አይለይም፤ ለመገልበጥም ጣት ከማንሣት በቀር ድካም የለበትም። በሞባይል ቤት ጥቂት ብር ከፍሎ «ዘፈን ማስጫን» በተለመደ ጊዜ፥ ለካሴቱ የተዘጋጀው ወጥመድ ባዶውን ቀረ። ቀጥሎ ቴሌግራም ሲመጣ ሱቁም አላስፈለገም።

ሁለተኛው ነቀፋ ለቅኔ ሰዎች ይበልጥ ይቀርባል። አዋጁ ሥራ የሚላቸውን ሲዘረዝር ንግግርን፥ ስብከትንና ሌላውንም የቃል ሥራ ይጨምራል። ጥበቃ የሚገኝበትን ሁኔታ ሲናገር ግን ሥራው የተጻፈ፥ የተቀረጸ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍ መልክ ያገኘ እንዲሆን ይጠይቃል። አንዱ አንቀጽ የሰጠውን ሌላው አንቀጽ ይነሣል። በማሕሌት ቆሞ መወድስ የሚዘርፈው ባለቅኔ በወረቀት አይጽፈውም፤ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ በአየር ላይ ነው። ከሕዝቡ መካከል ግን አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጸዋል፤ ማታውን በዩቲዩብ ያወጣዋል፤ ከማስታወቂያውም ይጠቀማል፤ የባለቅኔውን ስም እንኳ ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ስለ ሰባኪውም ነገሩ እንዲሁ ነው። በቃሉ ቢተረጐም ሥራው ግዙፍ መልክ ያገኘው በቀራጩ እጅ ነው፤ በምሥጢሩ ቢተረጐም ግን ወርቁ የባለቅኔው ነው፤ ቀራጩ ያቀረበው ሰም ብቻ ነውና። እንዲህ ያለው ጉዳይ ለትርጓሜ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር፥ ቃሉን ያወጣው ባለመብት መሆኑን ሕጉ አጥርቶ ሊናገረው በተገባ ነበር።

ሦስተኛው ነቀፋ ስለ ቅጣቱ ነው። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰውን ከ5 ዓመት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት፥ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰውንም ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እንዲቀጣ አዘዘ። ይህ ነጐድጓድ ነው። ነገር ግን ነጐድጓድ ሁሉ ዝናም አያዘንምም። በጎዳና ላይ ሲዲ አዙሮ የሚሸጥ የድኻ ልጅ ቢያዝ፥ የዳኛ እጅ ይህን ያህል ዓመት ለመጻፍ ይከብደዋል፤ ሲዲውን በጅምላ ያባዛው ባለ መኪና ደግሞ በገበያው ላይ አይታይም። ከሰው ልቡና የራቀ ቅጣት በወረቀት ላይ ይከብዳል፤ በሥራ ላይ ግን ይቀላል። መለካት የሚገባው የትርፉ መጠን ነበር፤ ለራሱ የገለበጠና ለንግድ ያባዛ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አዋጁም ራሱ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያደርግ የሚፈቀድበትን አንቀጽ አኑሯል። ዳሩ ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ «ለራሴ ነው» ብሎ የገለበጠው አንድ ፋይል ለወዳጅ ተላከ፥ ወዳጁም ለማኅበር ላከው፥ ማኅበሩም ለአገር በተነው።

አራተኛው ነቀፋ በሕጉ ቃል ላይ ሳይሆን በድንበሩ ላይ ነው። ኢትዮጵያ አዋጁን ባወጣች ጊዜ በበርን ስምምነት ውስጥ አልነበረችም። ከዚህ የተነሣ የውጭ አገር ፊልም በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት ሲታይ፥ የውጭ መጽሐፍም ያለ ፈቃድ ሲተረጐም፥ የአገሩ ሕግ ብዙም አልጠየቀም። በአንጻሩም በአዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ወይም ዜማ በዋሽንግተን ወይም በሌላ የባዕድ ከተማ ቢባዛ፥ ያ ስምምነት ጥላ አልሆነውም። የሌላውን ደራሲ አጥር ያላከበረ፥ የራሱ ደራሲ አጥር ሲደፈር የሚጮኸው ጩኸት ጉልበት የለውም።

አሁን የተከሳሹን ቃል መስማት ይገባል፤ ሳይሰሙ መፍረድ የሊቅ ሥራ አይደለምና። ፒዲኤፍ አንባቢው ሦስት ነገር ይላል። መጀመሪያ «መብራት ከመብራት ቢለኮስ የፊተኛው አይጐድልም፤ ደራሲው ምን ጐደለበት?» ይላል። ሁለተኛ «መጽሐፉ ውድ ነው፤ በገጠር ያለ ተማሪ ከየት ያመጣል?» ይላል። ሦስተኛ «ቅጂ ባይኖር ኖሮ ብዙ መጽሐፍ በጠፋ ነበር» ይላል።

ለሦስተኛው የሚቀርበው ምስክር ብርቱ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው በታገደ ጊዜ፥ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ በቀረ ጊዜ፥ መጽሐፉ በስውር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። በዚያ ጊዜ መጽሐፉን የሰወረውና ያዞረው አንባቢ የደራሲው ወዳጅ ነበረ፤ መንግሥት የዘጋውን አፍ ከፈተ፤ ራሱንም ለአደጋ ሰጠ። ነገር ግን የዛሬው በታኝ ያን ስም ሊለብስ አይችልም። ያኛው ከመደብር የተከለከለውን አዳነ፤ ይኸኛው በመደብር የሚገኘውን ከመደብር ያስወጣል። ያኛው በሥራው አደጋ ገዛ፤ ይኸኛው ተከታይና ማስታወቂያ ይገዛበታል።

የመጀመሪያው ክርክር ውብ ነው፥ ግን ጐደሎ ነው። መብራት ከመብራት ሲለኮስ ብርሃኑ አይጐድልም፤ ዘይቱን የሚገዛው ግን ማን ነው? አንድ ልብ ወለድ ለመጻፍ ሦስትና አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው በእነዚያ ዓመታት የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ልጅ ያሳድጋል። ካሳተመም በኋላ ለማተሚያ ቤቱ የወረቀቱንና የቀለሙን ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ከብድር ነው። መጽሐፉ ወጥቶ ሳይሰነብት በስልክ ከተበተነ፥ የቀረው በአዟሪው ክንድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይከርማል። ይህ ደራሲ ሁለተኛውን መጽሐፍ አይጽፍም፤ አንባቢውም ያጣውን አያውቅም፤ ያልተጻፈ መጽሐፍ ለቅሶ የለውምና። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር የታዘዘውን የሚያነብ ሰው፥ የደራሲውን አፍ አስሮ እህሉን ብቻ ሊበላ አይገባውም።

ሁለተኛው ክርክር ግን እውነት አለበት፤ መንግሥትም ሊሰማው ይገባል። ድኻን «አታንብብ» የሚል ሕግ አይጸናም። የዚህም ምስክር ከሩቅ አገር ይመጣል። የፈረንሣይ መንግሥት በ2009 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ያለ ፈቃድ የሚገለብጠውን ሰው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆ በሦስተኛው ከኢንተርኔት የሚያቋርጥ ሕግ አወጣ፤ ለዚሁም አዶፒ የሚባል ባለሥልጣን አቋቋመ። የአገሩ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ግን ያለ ዳኛ ፍርድ ሰውን ከመገናኛ መለየት አይገባም ብሎ ያን ክፍል ሻረው፤ በዚያው ዓመት በሁለተኛ ሕግ ሥልጣኑ ለዳኛ ተሰጠ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በሚሊዮን ተላከ፤ የማቋረጡ ቅጣት ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ተነሣ፤ ባለሥልጣኑም በ2022 እ.ኤ.አ. ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋራ ተዋሕዶ ስሙ ቀረ። በዚሁ ዘመን የሙዚቃ ንግድ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየወደቀ መጥቶ፥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ ገና አንሠራርቷል። ካነሡት ነገሮች ዋነኛው በጥቂት ክፍያ ሁሉን በቀላሉ የሚያሰማ ሕጋዊ መንገድ መከፈቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሰርቀው ክፉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የቀናው መንገድ ሲረዝምበትም ይሰርቃል።

ስለዚህ የ2007 ዓ.ም. የማሻሻያ አዋጅ፥ ቁጥር 872/2007፥ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ፍሬ ነገሩ ቀርቧል። ባለመብቶች በአንድነት ማኅበር አቁመው፥ ሥራቸውን ከሚጠቀምበት ሁሉ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ አበጅቷልና። አንድ ዜመኛ በየሆቴሉና በየራዲዮ ጣቢያው እየዞረ ሊከስ አይችልም፤ ማኅበር ግን ይችላል። ይህ ሐሳብ በወረቀት እንዳይቀር መትጋት ከአሥር ዓመት እስራት ይልቅ ደራሲን ይጠቅማል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፥ በገጠር ያለ ተማሪ እንኳ ጥቂት ብር በስልኩ ለመክፈል ይችላል፤ የጐደለው ዋጋው ቀላል የሆነ ሕጋዊ የስልክ መጽሐፍ በብዛት መገኘቱ ነው። ለመክፈል ፈጽሞ ለማይችለው ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። መንግሥት የያንዳንዱን አዲስ መጽሐፍ ጥቂት ቅጂ ገዝቶ በየወረዳው ቢያኖር፥ ደራሲውንም ድኻውንም በአንድ ወጪ ይረዳል።

የተፈቀደ ቅጂም የበጎ ምልክት አለው። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት፥ ለዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ በብሬይል ወይም በድምፅ እንዲዘጋጅ ከባለመብቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ይፈቅዳል። በዓይን ሳያዩ በጆሮ ብቻ ሰምተው ቅኔና ትርጓሜ ያደላደሉ መምህራንን ያፈራ አገር የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። እዚህ ላይ የብራናው ዘመን ትሩፋት ተመልሶ ይገኛል፤ ይህ ቅጂ ከደራሲው ቀምቶ ለትርፍ የሚውል አይደለም፤ ለማይደርሰው የሚያደርስ ነውና።

ሕጉ እንዲታረም፥ መንገዱም እንዲቀና የመንግሥት ነው። ዳሩ ግን ከጥንቱ ሁለት ዘበኞች አንዱ፥ የመገልበጥ ድካም፥ ከእንግዲህ አይመለስም። የቀረው ዕፍረት ነው፤ እርሱንም አዋጅ አይወልደውም፤ በቤት፥ በትምህርት ቤትና በጉባኤ ይማሩታል። ካህኑ የሌላውን ስብከት ከስልክ ገልብጦ ስሙን ሳይጠራ ቢሰብክ፥ መምህሩ ያልገዛውን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ለተማሪዎቹ ቢልክ፥ የከተማው ምሁር «ነጻ መጽሐፍ አገኘሁ» ብሎ ለወዳጆቹ ቢያስተላልፍ፥ ከጎዳናው ሲዲ አዟሪ በምን ይለያሉ? አዟሪው እንኳ የሚሠራውን ያውቃል። በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ የተናገረ ተማሪ የሚታረመው እስር ቤት ገብቶ አይደለም፤ መምህሩ «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። በስልኩ የሰው መጽሐፍ ያለው አንባቢም ከመላኩ አስቀድሞ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቅ፤ የባለቤቱንም ስም ካገኘ፥ ዋጋውን ከፍሎ ያንብብ።